የመጤ ተምች የእሳት እራትን የሚይዘው ባልዲ ወጥመድ

ከአንድ የግብዓት መደብር ገዝቼ በበቆሎ ማሳዬ የሰቀልሁት፣ አረንጓዴ ክዳንና ነጭ ባልዲ ያለው ወጥመድ፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባውንና በቆሎን የሚበላውን የመጤ ተምች ትል የእሳት እራት (ክንፍ ያለውን አዋቂውን) ለመከታተል ጠቃሚ መሣሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሚሠራው የሴቷን ጠረን በሚመስል ማማለያ ስለሆነ የሚይዘው ወንዶቹን ነው፤ አንዲት ሴት ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ስለምትችልም፣ ሻጮች ተባዩን ያጠፋል ቢሉም፣ ወጥመዱ ማሳው የሚፈተሽበት ጊዜ መድረሱን የሚጠቁም ብቻ ነው።

ማማለያው ለአንድ ዝርያ የተዘጋጀ ቢሆንም የቅርብ ዘመዶቹ አልፎ አልፎ ስለሚገቡ፣ የተያዘውን ሁሉ መቁጠር ያሳስታል። የመጤ ተምች ወንድ በፊት ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነጭ ምልክት አለው፤ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ግን ይህን የሚያሳይ ሥዕል የለውም፣ ይህም በእኔ ግምት ትልቁ ጉድለቱ ነው። ሽምብራን የሚያጠቃው ጓይ ትልና የበቆሎና የማሽላ አገዳ ቆርቁር ከዚሁ ቤተሰብ ቢሆኑም የየራሳቸውን ማማለያ ይፈልጋሉ። ባልዲው ጠንካራ ነው፤ ማማለያው ግን በየወሩ ገደማ መለወጥ ስላለበትና በመደብሩ ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ ገዢው ለወቅቱ የሚበቃውን አብሮ ቢገዛ ይሻላል።