ኳሷን ትተው እግሬን ያዩልኝ አሰልጣኝ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አለፉ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ትናንት አንድ ጓደኛዬ "ለልጄ የቴኒስ አሰልጣኝ ጠቁመኝ" ቢለኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራሁለት። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበለው።

የሜዳ ቴኒስ የጀመርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው አሰልጣኜ ድንቅ ተጫዋች ነበር። ሰርቭ (ነጥቡን የምታስጀምረውን ምት) ሲመታ ቆሜ አጨበጭብለት ነበር። ማስተማሩ ላይ ግን እንጃ። ቅርጫት ሙሉ ኳስ ይዞ መረቡ አጠገብ ይቆማል። አንድ በአንድ ይወረውርልኛል፣ እመታለሁ፣ "ጎበዝ!" ይላል። ኳሷን መረቡ ላይ ስለጥፋትም "ጎበዝ!" ነው። መሀል መሀል ስልኩን ያያል። ከአራት ወር በኋላ የተረፈኝ የክርን ሕመም ብቻ ነበር። የበር እጀታ ማዞር እንኳ ያስጮኸኝ ጀመር።

ጋሼን ያገኘኋቸው እንዲህ ሆኜ ነው። (ስሜን አደባባይ አታውጣው ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።)

የመጀመሪያው ቀን አንድም ኳስ አላስመቱኝም። የከፈልኩበት ሰዓት እያለቀ ነው ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ። እሳቸው ግን ይጠይቃሉ። የቱ ጋ ነው የሚያምህ? ስትመታ ነው ወይስ በኋላ? ሐኪም አይቶሃል? ቀጥለው "እስቲ ራኬቱን ያዝ" አሉኝ። በጣቶቼ ጫፍና በመዳፌ መካከል የሌላኛውን እጄን ሌባ ጣት እንዳስገባ አዘዙኝ። አልገባም። እጀታው ለእጄ ቀጭን ነው። እንዳያመልጠኝ ስል አንቄ ነው የምይዘው፤ ክንዴም አብሮ ይገተራል። ተጨማሪ መጠቅለያ አስደረጉበት፤ ክሩንም ትንሽ አስላሉት። በሳምንቱ ደግሞ ባክሃንዴን (የእጄን ጀርባ ወደ ፊት አድርጌ የምመታውን) አዩና ኳሷን ካለፈችኝ በኋላ በክንዴ እየጎተትኩ እንደምመታት ነገሩኝ። "ሐኪሙን እንዳትተው፣ የእኔ ድርሻ ይሄ ነው" አሉ። ሕመሙ በአንድ ሌሊት አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን እግር ሆነ። ስጫወት ኳሷን አያዩም፤ ጫማዬን ነው የሚያዩት። ተጋጣሚዬ ሊመታ ሲል ትንሽ ዘለል ብዬ በሁለት እግሬ ማረፍ አለብኝ፤ ወዲያው ወደፈለግኩበት ለመነሳት። ይህቺን ትንሽ ዝላይ ስረሳ ነጥቡን ባሸንፍ እንኳ "አልቆጠርኩልህም" ይላሉ። ሰርቭ ያስተማሩኝ ደግሞ ያለ ራኬት ነው። ኳሷን በእጄ ከመረቡ ማዶ ሽቅብ እንድወረውር አደረጉኝ። እንቅስቃሴው ለካ ያው ነው። ራኬቱን የሰጡኝ "መዶሻ አያያዝ ያዘው" ብለው ነው።

ዋናው ምስጋናዬ ግን የልጄ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። ጋሼ በቀይ ኳስ አስጀመሩት። ቀይዋ ከመደበኛዋ ቢጫ ኳስ በ75 በመቶ ያህል ትዘገያለች፣ ከፍ ብላም አትነጥርም። ሜዳውም 23.77 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 11 ሜትር ገደማ ሆነ፤ መረቡም ዝቅ አለ። እኔ ደግሞ ተከፋሁ። "የልጅ መጫወቻ ነው እንዴ? ደህናዋን ኳስ ይስጡት እንጂ!" አልኩ። አልተከራከሩኝም። "እሺ፣ ተንበርከክ" አሉኝ። ራኬቴን ይዤ በጉልበቴ ቆምኩ። ቢጫዋን ኳስ ከማዶ መቱልኝ። ነጠረችና በአናቴ ላይ አለፈች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። "ልጅህ የሚያየው ይሄንን ነው" ብለው እጄን ይዘው አነሱኝ። ልጄ አጥር ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ እንደተረዳሁት ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጆች ውድድር መደበኛዋን ቢጫ ኳስ ከልክሏል። ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫዋ መጨረሻ ላይ ናት።

አሰልጣኝ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሌላ ሰው ልምምድ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ልጆቹ ይጫወታሉ ወይስ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ? አሰልጣኙ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው? የምስክር ወረቀትም ጠይቁ፣ በተለይ ለልጅ ከሆነ። የሚቀየም አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። የድሮ ዋንጫዎቹን ግን ብዙም አትዩ። እኔ በዚያ ነው የተሸወድኩት።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። አምስት ደቂቃ ካረፈዳችሁ ያቺን አምስት ደቂቃ ሩጫ ታደርጓታላችሁ። ሙገሳ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። በዓመት ውስጥ ከሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና "ዛሬ እግርህ ነበር" የሚል ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ። የቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ግን የእኛ ነው፤ እሱን እንዳትነኩብን።