«ፔፐር ገርልስ» እትም በእትም፦ ከ17 ወር ንባብ በኋላ

ከዓመት በላይ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ስሞላው የቆየሁት የምስጢር ፊደል መፍቻ ሰንጠረዥ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከሁለት ምልክቶች በቀር ተጠናቀቀ። «ፔፐር ገርልስ» የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚክ እትም በእትም ለመከታተል ባወጣሁት ገንዘብ እንዳልቆጭ ያደረገኝ ይህ ሰንጠረዥ ስለሆነ፣ ግምገማዬም በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ደራሲው ብራያን ኬ ቮን፣ ሠዓሊው ክሊፍ ቺያንግ ሲሆኑ፣ ኢሜጅ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በ30 እትሞች አሳትሞታል። ታሪኩ በ1988 የሃሎዊን በዓል ማግስት ሲነጋጋ፣ በክሊቭላንድ ዳርቻ በብስክሌት ጋዜጣ ከሚያድሉ አራት የ12 ዓመት ልጃገረዶች ይነሣል። ከሌላ ዘመን የመጡ ሰዎች ሰፈራቸውን ይወሩታል፤ ማን ከማን እንደሚዋጋና ለምን እንደሚዋጋ ለመናገር ግን ደራሲው አይቸኩልም። ሐምራዊና ሮዝ የሚበዛበት ቀለሙም በጣም ያምራል።

እትሞቹን ያገለገሉ እየፈለገ የሚገዛልኝ ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ መንገደኛ ሲያገኝ እስከ አዲስ አበባ ይልካል፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዘው ጅማ ይገባሉ። እስካሁን የደረሱኝ 15 ናቸው።

በመጀመሪያው እትም የእንግዶቹ ንግግር በማይታወቅ ምልክት ተጽፎ ሳየው፣ ለማስዋብ የተሣለ መስሎኝ አልፌው ነበር። ሁለተኛው እትም ስድስት ሳምንት ሲዘገይብኝ ወቅቱ ክረምት ነበርና፣ ሄርማታ ሰፈር ያለው ሱቄም ዝናብ በጣለ ከሰዓት ሁሉ ደንበኛ ስለማያገኝ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። አብዝቶ የሚደጋገመውን «ኢ» የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ብቻቸውን የቆሙትን በ«አይ» እና በ«ኤ» ሞከርኳቸው፤ ብዙ ጊዜ ተሳስቼም ሰርዤ ጀመርኩ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተነበበልኝ ዕለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ተክቶ የቆመ ነው። (በእኛ ፊደል ቢሆን፣ አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ቅርጽ ስለሚጻፍ፣ 231ዱን ዋና ቅርጾች በዚህ ዘዴ ለመፍታት ከዚህ እጅግ የበዛ ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር።)

«ወንድሜ፣ አምስት አምስት እትም በአንድ ተጠርዞ በስድስት ቅጽ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ መጠበቅም የለብህ» የሚለኝ መጽሐፍ ሻጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ብጨርሰው ኖሮ ምልክቶቹን እንደ ጌጥ ቆጥሬ እዘላቸው ነበር። ያልጀመራችሁ ይቅር በሉኝና፣ አምስተኛው እትም የሚቆመው ኤሪን የተባለችው ልጅ በ2016 ከጎልማሳዋ ራሷ ጋር ፊት ለፊት ስትገናኝ ነው። ስድስቱም ቅጽ በእጁ ያለ ሰው እዚያው ቀጣዩን ያነሣል፤ እኔ ግን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ፣ የ12 ዓመቱ እኔ ዛሬ ሱቄ በር ላይ ቢቆም ምን ይለኝ እንደነበር ሳስብ ከረምኩ። ታዲያ ይህን በየትኛው ቅናሽ ነው የምትሸጥልኝ?

ጉድለት አልጠፋም። የጅማ እርጥበት የአንዳንዶቹን ማያያዣ ሽቦ አዝጎታል፤ ወረቀታቸውም ተኮማትሯል። ዘጠነኛው እትም ከስምንተኛው ቀድሞ ደርሶኝ፣ ስምንተኛው እስኪመጣ 23 ቀን ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ከባድ ነበር፣ ግን ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።

አሥራ ስድስተኛው እትም አዲስ አበባ መግባቱ ትናንት ተነግሮኛል። ሐሙስ ማለዳ መናኸሪያ ወርጄ እቀበለዋለሁ፤ ከታሪኩ በፊት የምፈልገውም እነዚያን ሁለት ምልክቶች ነው።