ሱሉልታ ቤት ለምትሠሩ፦ እኚህን አናጺ ሳታማክሩ ልስን አታስጀምሩ

ጤና ይስጥልኝ የሱሉልታና የአካባቢዋ ነዋሪዎች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አናጺ ናቸው።

የሳሎናችን አንዱ ግድግዳ ያልተለሰነ ኮንክሪት ነው። ሙሌቱ የፈሰሰበት ጣውላ መስመር ሳይቀር ይታያል። ባለቤቴም እኔም በጣም እንወደዋለን። ግን የሱሉልታ ብርድ የምታውቁት ነው፤ ክረምት ላይ ቤቱ መጋዘን መሰለ። ያማከርናቸው ሁሉ ወይ አስለስኑት፣ ወይ ከላይ እስከ ታች እንጨት አልብሱት አሉን።

ጋሼ መጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ "ግድግዳውን ተዉት። እጅና እግር የሚያርፍበትን ብቻ እንጨት እናድርገው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ኮንክሪት ሲነኩት የሚበርደው ከእንጨት ይልቅ ሙቀታችንን ቶሎ ስለሚስብ ነው። ስለዚህ እንጨቱ የገባው መስኮት ሥር ያለው መቀመጫ ላይ፣ የደረጃው መደገፊያ ላይና መኝታ ቤት ወለል ላይ ነው። ግድግዳው አቧራ እንዳያራግፍ ሲለር ብቻ ተቀብቶ እንዳለ ቀረ። አሁን ሁለቱም ያምራሉ፤ አንዱ ሌላውን አልዋጠውም።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ልንገራችሁ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ጣውላ ነው። ጽድም ሆነ ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ አሮጌው ደግሞ ደርቆ ያለቀ ነው። ጋሼ ግን በዚህ አልተማመኑም፤ እርጥበቱን በመለኪያ አዩ። ወደ 12 በመቶ ካልወረደ፣ በኋላ ይጣመማል ብለው አይነኩትም። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ተዉት። ሲላግ የጽዱ ሽታ ቤቱን ሞላው! በቫርኒሽ ፋንታ በተልባ ዘይት ስላሹት ስትዳስሱት እንጨትነቱ ይሰማችኋል። ማታ ማታ ዘይት የነካውን ጨርቅ ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ አይሄዱም፤ እንዲሁ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሙያ አላጋጠመኝም።

ቶሎ ይለቅልኝ ለሚል ሰው አይሆኑም። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። ግን ከተነጋገሩት በላይ አንድ ብር አልጨመሩም፤ የተረፈውን ጣውላ እንኳ ቆጥረው አስረከቡን።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ግድግዳው ገና ባዶውን ሳለ ብትጠሯቸው ይሻላል፤ ከተለሰነ በኋላ ምርጫው ይጠባል።