የሥራ ማዕከል አገልግሎት ሲፈተሽ፦ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ ጊዜ ይበላል

አንድ የሥራ ማዕከል ደህና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኮምፒውተሮቹን ወይም ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከዚህ ቢሮ እየወጣ የቀጣሪዎችን በር የሚያንኳኳ ሰው አለ? ካለ ሌላው ጉድለት ይቻላል። ከሌለ ማዕከሉ ስም የሚጻፍበት መዝገብ ቤት ነው።

አገልግሎቱ በየአገሩ ተቀራራቢ መልክ አለው። ምዝገባ፣ ምክር፣ የሲቪና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት፣ አጭር ሥልጠና፣ ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት፣ የራሱን ሥራ መጀመር ለሚሻ ደግሞ የንግድ ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ። ብሪታንያ የመጀመሪያዎቹን የመንግሥት የሥራ አገናኝ ቢሮዎቿን እ.ኤ.አ. በ1910 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከከፈተች ወዲህ ዋናው ሥራ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ወረፋው ነው፤ ከደጃፍ ተነሥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ስለ ክፍያ ነገሩ አጭር ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1948 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 88 የመንግሥት የሥራ አገናኝ አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ ይላል። በ1997 የወጣው ቁጥር 181 ደግሞ የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታ የሚኖረው የአገሩ ባለሥልጣን ለተወሰኑ የሠራተኛ ዓይነቶች ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ «ለፎርም»፣ «ለፋይል መክፈቻ» እየተባለ ገንዘብ ከተጠየቀ በየትኛው ደንብ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ደረሰኝም ይጠይቁ። ሁለቱም ከሌሉ ቦርሳዎን ይዘው መውጣት ነው።

ምዝገባው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዞ መሄድ የታወቀ ነው። የማይታወቀው የሙያ ኮዱ ነው። ብዙ አገሮች የሥራ ዓይነቶችን የሚመድቡት በዓለም አቀፉ የሙያ ምደባ ወይም ከእሱ በተቀዳ ሥርዓት ነው። የ2008ቱ ምደባ 10 ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነሱ እየተከፋፈሉ ሄደው በአራት አኃዝ የሚጠሩ 436 የሙያ ዓይነቶች ላይ ይደርሳሉ። ብየዳ 7212 ነው። የመኪና መካኒክ 7231 ነው። መዝጋቢው ቸኩሎ 72 ብቻ ጽፎ ካለፈ ሁለቱ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ፤ በያጁ ጋራዥ ይላካል፣ መካኒኩ ብረታ ብረት ቤት ይላካል፣ ሁለቱም «አይመጥንም» ተብለው ይመለሳሉ። የከፋው ነገር ቀጣሪው ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የማይሆን ሰው የተላከበት ቀጣሪ ለማዕከሉ ክፍት ቦታ ማሳወቁን ይተወዋል። ስለዚህ መዝጋቢው ሲጽፍ ስክሪኑን ማየት፣ ኮዱ ሙሉ አራት አኃዝ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም። ከኮዱ ጎን መሣሪያውና ዓይነቱ ይጻፍ፦ የትኛው የብየዳ ዘዴ፣ የትኛው የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ስንት ቶን የሚጭን መኪና። ስልክ ቁጥር ሲቀየርም በዚያው ሳምንት ማሳወቅ ግድ ነው። ሥራው ተገኝቶ ሰውየው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ አማካሪው። አማካሪ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሰው ብዛት ይወስነዋል። ስሌቱ እነሆ። አንድ አማካሪ ከሪፖርትና ከስብሰባ የተረፈ በሳምንት 30 ሰዓት ቢኖረው በወር 120 ሰዓት ነው። 400 ሰው ከያዘ ለአንዱ በወር 18 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ያውም ሰላምታውና የፋይል ፍለጋው ሳይቀነስ። 75 ሰው ከያዘ 96 ደቂቃ ነው። ጀርመን ለረጅም ጊዜ ሥራ አጦች መሠረታዊ ድጋፍ በሚደነግገው ሕጓ ከ25 ዓመት በታች ላሉት አንድ ሠራተኛ ለ75፣ ከዚያ በላይ ላሉት አንድ ለ150 የሚል መነሻ ያስቀመጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። «ስንት ሰው ይዘዋል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱ ከ300 በላይ ከሆነ ከግል ምክሩ ብዙ አይጠብቁ፤ ማዕከሉን ለቡድን አገልግሎቱና ለስልኩ ይጠቀሙበት።

የሲቪ ድጋፉ በአብዛኛው ደካማ ነው። ምክንያቱ ናሙና ማደል ነው። ሃያ ሰው አንድ ናሙና ይዞ ይወጣል፣ ሃያውም «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» ብሎ ይጽፋል፣ ቀጣሪው አንዱንም አያነብም። ደህና አማካሪ ቃሉን ትቶ ሥራውን ይጠይቃል። «ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ» ያለችን ሴት፣ በቀን ስንት ሰው አስተናገድሽ፣ ሒሳብ የምትዘጊው ስንት ሰዓት ነው፣ ጉድለት ስንት ጊዜ ወጣብሽ ብሎ ይጠይቃታል። ከዚያ የሚወጣው መስመር «በቀን ከ60 እስከ 80 ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ በ14 ወር ውስጥ የካዝና ጉድለት አልወጣብኝም» የሚል ይሆናል። ይህን ለማውጣት 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ሃያ አምስቱ ደቂቃ ግን መኖር አለበት።

ከዚህ ይልቅ ርካሽና የሚሠራ ነገር አለ፤ ብዙ ማዕከላት ግን ችላ ይሉታል። የቀድሞ አሠሪ የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከማመልከቻ ጋር ሲያያዝ ከቀጣሪ የሚመጣው ጥሪ በ60 በመቶ ጨምሯል። ወጪው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ጉዞ ነው። ደብዳቤው «መልካም ጸባይ አለው» ብቻ ካለ ዋጋ የለውም፤ ሰዓት አክባሪነቱን፣ የሠራበትን ክፍል፣ የሥራውን ጥራትና ደውሎ የሚጠየቅ ሰው መያዝ አለበት። እዚያው አገር በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ሥራ ፈላጊዎች በየትኛው ቀን ምን እንደሚያደርጉ የሳምንት እቅድ ጽፈው ሲወጡ ያገኙት የሥራ ግብዣ በ30 በመቶ ከፍ ብሏል። የሰጧቸው አንድ ቅጽ ነበር፤ የቀን ሠንጠረዥ ያለበት።

በቡድን ከሚሰጡት አገልግሎቶች መካከል ምርጡ የሥራ ፍለጋ ክበብ ነው። የጀመሩት የሥነ ልቦና ባለሙያው ናታን አዝሪንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ ካርቦንዴል በተባለች የኢሊኖይ ከተማ። በ1975 ባወጡት ውጤት፣ በሁለት ወር ውስጥ ከክበቡ አባላት 90 በመቶው ሥራ ሲያገኙ፣ ክበብ ካልገቡት ያገኙት 55 በመቶው ነበሩ። አሠራሩ አንድም ምሥጢር የለውም። ጥቂት ሰዎች በየቀኑ ይገናኛሉ፣ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፣ አንዱ ሲደውል ሌላው እያዳመጠ ይጽፍለታል፣ ያልታወጁ ክፍት ቦታዎችን ከዘመድና ከቀድሞ ባልደረባ ያጠያይቃሉ። ዛሬ ብዙ ቦታ በዚሁ ስም የሚካሄደው ሳምንት ጠብቆ የሚጠራ ንግግር ነው፤ ተናጋሪው ያስተምራል፣ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፣ ስልክ የነካ የለም። በክፍሉ ውስጥ ስልክና የደዋዮች መዝገብ ከሌለ ክበብ አይባልም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ማዕከል ክፍት ቦታ አይፈጥርም። ፈረንሳይ ውስጥ በ235 የሥራ ቢሮዎች አካባቢ በተማሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ የተካሄደ ሰፊ ሙከራ፣ ጠበቅ ያለ ምክር ያገኙት ቶሎ ሥራ ቢይዙም ጥቅሙ ከፊሉ ምክር ባላገኙት ኪሳራ እንደመጣ አሳይቷል፤ ከዓመት በኋላም ብልጫው ጠፍቷል። ሥራ በተመናመነበት አካባቢ ብዙ ሰው ማሠልጠን ወረፋውን እንደገና ማሰለፍ እንጂ ማሳጠር አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ነው ማዕከላት ፊታቸውን ወደ ንግድ ማስጀመር የሚያዞሩት፣ ትልቁ ስሕተትም የሚሠራው።

ስሕተቱ ሥራ ያጣውን ሁሉ «ነጋዴ ሁን» ማለት ነው። ንግድ መጀመር ለሚፈልግና ለሚችል እንጂ ለተረፈ ሰው የሚሰጥ ማስተዛዘኛ አይደለም። ሥልጠናውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ብዙዎች የሚያስተምሩት የሂሳብ አያያዝ፣ ግብይትና እቅድ አጻጻፍ ነው። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች የተካፈሉበትና በ2017 የታተመ ጥናት ይህን ዓይነቱን ሥልጠና ራስን በማነሣሣት ላይ ካተኮረ ሥልጠና ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ሁለተኛው የነጋዴውን ትርፍ በ30 በመቶ ሲያሳድግ የመጀመሪያው ያመጣው ለውጥ እርግጠኛ የሚባል አልሆነም። ደብተር መያዝ ይቅር ማለት አይደለም። ደንበኛ ሳይመጣ ሄዶ መፈለግን፣ ከጎረቤት የተለየ ነገር ማቅረብን ያላስተማረ ሥልጠና ግን በአንድ መንገድ ላይ አምስት ተመሳሳይ ሱቅ ይከፍታል።

የንግድ እቅድ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ አማካሪው ሊሠራው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። ሸሚዝ ሰፊ እንበል፤ የገንዘቡ ዓይነት የቱም ይሁን። ኪራይ፣ መብራት፣ የብድር ክፍያ ተደምሮ ቋሚ ወጪው በወር 6,000 ነው። አንድ ሸሚዝ ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ 40 ይወስዳል፣ 70 ይሸጣል፤ የሚተርፈው 30። 6,000 ለ30 ሲካፈል 200 ሸሚዝ። በወር 25 ቀን ቢሠራ በቀን 8። ሰፊው በአንድ ማሽን በቀን የሚጨርሰው 5 ከሆነ በወር 125 ሸሚዝ ነው፣ ከዚያ የሚተርፈው 3,750፤ ገና ሳይጀምር በየወሩ 2,250 ይጎድለዋል፣ የራሱ ደመወዝ ሳይቆጠር። ይህ እቅድ በሚያምር ፎንት ተጽፎ፣ በምርት ጥራትና በራዕይ ተሞልቶ ሊጸድቅ ይችላል። ያለ ስሌቱ የጸደቀ እንደሆነ ዕዳው የሰፊው ነው። መፍትሔውም ከዚያው ስሌት ይወጣል፦ ኪራዩን ከሌላ ሰፊ ጋር መጋራት፣ ወይም ሸሚዙን ትቶ በቀን ብዙ የሚወጣውን ጥገናና ልክ ማስተካከል መያዝ።

መነሻ ገንዘቡን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መዘግየት ነው፤ ሥልጠናው አልቆ ብድሩ ከስድስት ወር በኋላ ሲመጣ የዕቃው ዋጋ ተለውጧል፣ ቦታው ተከራይቷል፣ ሰውየውም ተስፋ ቆርጧል። ሁለተኛው ሆድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ገቢ የላቸውም፤ ነጋዴው ካልበላ አይሠራምና ካፒታሉን ይበላዋል። አየርላንድ ይህን አስባ ነው ሥራ አጥ ንግድ ሲጀምር የድጎማ ክፍያውን በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ፣ በሁለተኛው 75 በመቶ እንዲያገኝ ያደረገችው። እንዲህ ያለ ድጋፍ በሌለበት የሦስት ወር የቤት ወጪ በእቅዱ ውስጥ እንደ ወጪ መግባት አለበት፤ «የግል ነው» ብሎ የሚሰርዘው ገምጋሚ ንግዱን አብሮ ይሰርዛል። ሰዎችን ሳይተዋወቁ በቡድን አደራጅቶ በጋራ ዋስትና ማበደርም ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ሲጠፋ አራቱ ይከፍላሉ። ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ ማን ሲወጣ ምን እንደሚወስድ ከመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ ባይገቡበት ይሻላል።

በአጠቃቀም በኩል ሁለተኛው ቀጠሮ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ያመለከቱባቸውን ድርጅቶች በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ፣ የተላከበት ቀን፣ ያነጋገሩት ሰው፣ የመጣው መልስ። በአራት ሳምንት ውስጥ ማዕከሉ አንድም ቦታ ካልላከዎት መጀመሪያ የሙያ ኮድዎን እንደገና ያስፈትሹ። ከዚያ መልስ ካልሰጡት ድርጅቶች ሦስቱን መርጦ እዚያው ፊትዎ እንዲደውል አማካሪውን ይጠይቁት። «በኋላ እደውላለሁ» ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ከዝርዝሩ ጎን ያስጽፉት።