የእናቴ እንዝርት፦ በምሥራቅ ጎጃም ስላለ አንድ የተሐድሶ ሕክምና ክፍል

እናቴ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ከደከመ ጀምሮ፣ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝና ስሙን ባልጠራው በመረጥኩት አንድ ሆስፒታል የተሐድሶ ሕክምና ክፍል ስንመላለስ ቆይተናል። አሁን ክትትሏን ስለ ጨረሰች፣ ያየሁትን ለሌሎች አስታማሚዎች ልጽፍ ወደድኩ።

እናቴ የተከታተለችው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሕክምና ነው፤ በአገራችን ገና አዲስ ሙያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማስተማር ቢጀምርም፣ እኛ በሄድንበት ክፍል ሥራውን ደርባ የምትሠራው አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። የሕክምናው ዓላማ ጡንቻ ማጠንከር ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚው መልበሱን፣ መጉረሱንና የለመደውን ሥራ መልሶ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «እማማ፣ ቤትዎ ምን ሲሠሩ ይውሉ ነበር?» ብላ ነው። ጥጥ እንደምትፈትል ስትሰማ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዝርትና ባዘቶ ይዘን እንድንመጣ አዘዘችን። እናቴ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ ባለሙያዋ ቀኝ መዳፏን በመዳፏ ደግፋ እንዝርቱን ስታሾርላት፣ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጥሶ በአራተኛው አንድ ክንድ ያህል ወጣ።

ሐምሌ ሲገባና ኮቪድ ሲበረታ ግን ነገሩ ተለወጠ። ባለሙያዋ በር ላይ ሙቀት እንድትለካ ተመደበች፤ ቀጠሮው በወር አንዴ ሆነ፤ አስታማሚ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ግዴታ ሆነ። ከስትሮክ በኋላ መሻሻሉ በይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ግንባሯን ስትለካት እናቴ በዓይኗ ለይታት «ልጄ፣ እጄን አታዪልኝም?» አለቻት። «የሚያስፈልግዎትን አውቃለሁ እማማ፤ ግን አልተፈቀደልኝም» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን፣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ያን ዕለት ቸልተኛ ናት ብዬ ለኃላፊዋ ከሰስኳት።

የሥነ ምግባር ፈላስፋው አንድሪው ጄምተን በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ሲጽፍ የኅሊና ጭንቀት ያለው ይህንኑ ነው፤ ሰው ማድረግ የሚገባውን አጥርቶ እያወቀ የተቋሙ አሠራር ሲያግደው የሚደርስበትን ሕመም። የሥራ ብዛት ከሚያመጣው ድካም የተለየ በመሆኑ በዕረፍት ብቻ አይድንም። በዚህ ሙያ ደግሞ ንክኪው፣ ቤተሰቡና የቤት ዕቃው ራሳቸው መድኃኒቶች ስለሆኑ፣ እነሱ ሲከለከሉ ባለሙያው ባዶ እጁን ይቀራል።

ክልከላው አላስፈላጊ ነበር አልልም፤ በሽታው ገዳይ ነበር። የምወቅሰው፣ ሊቆይ የሚችለው ታማሚና ጊዜ የማይሰጠው ታማሚ በአንድ ዓይን መታየታቸውን፣ አስተዳደሩም ማን ይቅደም ብሎ ለሥራው ቅርብ የሆነችውን ባለሙያ አለመጠየቁን ነው። እሷ ግን ማታ ማታ በራሷ ካርድ እየደወለች፣ ወጡን በስተቀኝ አስቀምጥላት፣ ቶሎ አታጉርሳት፣ ራሷ ትሞክር እያለች ስትመክረኝ ከረመች። መክሰሴን ታውቅ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ዛሬ ክፍሉ ተመልሶ ይሠራል። ብርሃን አለው፣ ንጹሕም ነው፤ ካርድ ክፍሉ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት የመጣን ሰው እስከ 5 ሰዓት ያስቀምጣል። እናቴ አሁን ትፈትላለች፤ ቁልፍ መቆለፍ ግን እንዳቃታት ቀርቷል። ለሕክምናው ከአምስት አምስቱንም ነጥብ ብሰጥም፣ ለአስተዳደሩ ከ2 በላይ አልሰጥም። የምትሄዱ ሰዎች ታማሚያችሁ በቤቱ የሚሠራበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያዋ መጠየቋ አይቀርም።