ያልተሸጠልኝ ማር፦ በደሴ ስላለች አንዲት የማር መሸጫ

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ አንዲት ጠባብ የማር መሸጫ ሱቅ አለች። በሯ ላይ በእጅ ከተጻፈው «ማር አለ» ከሚል ካርቶን በስተቀር ስም የላትም፤ የሰፈሩ ሰው ግን «የእማማ ሱቅ» ብሎ ያውቃታል። ላለፉት ሁለት ዓመታት የቤቴን ማር የምገዛው ከዚህች ሱቅ ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የገዛሁት ማር ሳይሆን፣ አንድ ቀን ልገዛ ሄጄ ባለቤቷ «አልሸጥልህም» ብለው ባዶ እጄን የመለሱኝ ማር ነው።

ሱቋን ከሌሎች የሚለያት ማሩ በአበባውና በወቅቱ ተለይቶ መሸጡ ነው። በሌላ ቦታ ማር ስትጠይቁ «ንጹሕ ነው፣ አትጠራጠር» የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ እዚህ ግን የምትጠየቁት የትኛውን እንደምትፈልጉ ነው። ነጩ ከላስታ በኩል የሚመጣ የመንጠሴ ማር ነው፤ መንጠሴ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል፣ ክረምቱ ሲወጣ ነጣ ያለ አበባ የሚያወጣ አነስተኛ ቁጥቋጦ ነው። ቢጫው፣ መስከረም ላይ ምድሩን ከሚያለብሰው ከአደይ አበባ ተቀስሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ነው። ቀላ ያለው ደግሞ ከቆላው በኩል፣ የብዙ ዕፅዋት አበባ ተቀላቅሎበት ይመጣል። ላስታና ማር በትውፊታችንም የተሳሰሩ ናቸው፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙንም ያገኘው ከዚያ እንደሆነ ሲነገር ያልሰማ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የገዛሁት ነጩን ነበር። በዘጠነኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው ከሥሩ እስከ አፉ ረግቶ ቅቤ መስሏል፤ ማንኪያ ሲገባበት ይቆማል፣ ምላስ ላይ ሲያርፍም ደቃቅ ፍሬ ፍሬ ይላል። ስኳር ተቀላቅሎ ተሸጠልኝ ብዬ እየተቆጣሁ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። እማማ ምንም ሳይከፋቸው ከባንኮኒው ሥር አንድ ትልቅ ጣሳ አውጥተው ከፈቱልኝ፤ እርሱም እንዲሁ ረግቷል። «ልጄ፣ ማር እኮ ይረጋል። ያልረጋልህ እንደሆነ ነው መጠርጠር ያለብህ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገራቸው ፍጹም እውነት ነው። ከማር ውስጥ ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ሲሆን፣ ውሃው ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 አይበልጥም። ስኳሩ በዋናነት ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ግሉኮሱ በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል ቀስ በቀስ ተለይቶ ይረጋል። መርጋት ተፈጥሮው እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ሁለተኛው አባባላቸው ግን የተጋነነ ነው፤ ፍሩክቶሱ ከግሉኮሱ በጣም የሚበልጥበት ንጹሕ ማር ለብዙ ወራት ሳይረጋ ሊቆይ ይችላልና፣ ፈሳሽ ሆኖ የቆየ ማር ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም።

አሁንም ጥርጣሬ ስላደረብኝ ከሌላ ጣሳ ገና ፈሳሽ የሆነ ቀይ ማር አስቀድቼ በሁለት ብርጭቆ ከፈልኩት፤ አንዱን ደሴ ቤቴ አስቀምጬ ሌላውን ኮምቦልቻ ለምትኖረው እኅቴ ላክሁላት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከእርሷ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የእኔው ብርጭቆ በሦስተኛው ሳምንት ከሥሩ መርጋት ሲጀምር፣ የእኅቴ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንደ ዘይት ሲፈስ ቆየ። ማር ከሁሉ በላይ ፈጥኖ የሚረጋው 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ነው፤ ይህም ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቤት ውስጥ ከሚገኘው ቅዝቃዜ እምብዛም የራቀ አይደለም። ስለዚህ የደሴ ሰው ማሩ ረጋ ብሎ ሻጩን ከመክሰሱ በፊት የቤቱን ቅዝቃዜ ሊያስብ ይገባል። የረጋውን መልሶ ለማፍሰስ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም፤ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ነክሮ ማቆየት ይበቃል። ብዙ ሙቀት የማሩን መዓዛና ንቧ የጨመረችበትን ኢንዛይም ያጠፋል።

በየቤቱ የሚነገሩት ሌሎች መፈተኛዎችም ሱቋ ውስጥ በየቀኑ ይነሣሉ። አንዱ ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ ይጭራል፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ መስጠሙን ያያል። እነዚህ ፈተናዎች ቢበዛ የሚያሳዩት ማሩ መወፈሩን ወይም መቅጠኑን ነው፤ በሚገባ የተነጠረ የስኳር ሽሮፕ ሁለቱንም ያልፋል። ትክክለኛው ምርመራ በላቦራቶሪ ውስጥ የካርቦን አቶሞችን ዓይነት በመለካት የሚደረግ ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው ዕፅዋት ከአብዛኞቹ ስለሚለይ፣ የተጨመረው ስኳር አሻራውን ጥሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃችን ስለሌለ፣ ለእኛ ለገዢዎች የሚቀርልን ሻጩን ማወቅ ነው፤ እኔም በእማማ ሱቅ የጸናሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ ከጥግ ካለች ትንሽ ዕቃ በማንኪያ ጫፍ አቀመሱኝ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ማር ጣፈጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጉሮሮዬን እንደ በርበሬ ያዘኝ። ከቁልቋል አበባ የተቀሰመ እንደሆነና ለማያውቅ ሰው እንደማይሸጡት ነገሩኝ። ንቧ የቀሰመችው ተክል ጠባይ እስከ ጉሮሯችን ድረስ እንደሚከተላት ከዚያ የበለጠ አስረጂ አላገኘሁም።

ዋጋው ይወደዳል። ነጩ በኪሎ ከአካባቢው ሱቆች አንድ መቶ ብር ያህል ብልጫ አለው። እኔ ግን ውድ ነው ለማለት አንደበቴ አይደፍርም። አንዲት ሠራተኛ ንብ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የምታዘጋጀው ማር አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ የማንኪያዋ አሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። ከአበባው የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። በሆዷ ባለው የማር ከረጢት ተሸክማ ቀፎ ታደርሰዋለች፤ በዚያ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉት ኢንዛይም ይጨምሩበታል፣ ሰፈፉ ላይ ካኖሩትም በኋላ በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያደርቁታል። በቂ ሲደርቅም በሰም ይከድኑታል። ክዳኑ ሳይሞላ የተቆረጠ ማር ቀጥኖ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት ከገዛሁት ቢጫ ማር አንዱ ዙር ጭስ ጭስ ይል ነበር። ጭስ ለማር ቆራጩ ግዴታ ነው፤ ንብ አደጋን ለጓደኞቿ የምታስታውቀው ሙዝ ሙዝ በሚል ጠረን ስለሆነ፣ ጭሱ ያንን ጠረን ይሸፍነዋል። ሆኖም ኩበት በብዛት ሲጨስ ሽታው ሰፈፉ ውስጥ ይቀራል። እማማ ይህን ስነግራቸው ሳያንገራግሩ ቀየሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህም አልገጠመኝም።

የዕቃው ነገር ግን እስካሁን አልተስተካከለም። ማሩ የሚሸጠው ክዳኑ በደንብ በማይገጥም ስስ ፕላስቲክ ነው። ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲበዛ ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃና ማሩ መፍላት ይጀምራል። ይህን ለመረዳት ብርዝ ማየት ይበቃል፦ ማሩ ለዓመት ሳይበላሽ የተቀመጠ ቢሆንም፣ ውሃ ጨምረን በጥብጠን ብናሳድረው ጣዕሙ ይለወጣል፤ ጌሾ ተጨምሮበት ቢሰነብት ደግሞ ጠጅ ይሆናል። በረመዷን ብርዙን ትኩስ በጥብጠው የሚያቀርቡ የጎረቤቶቼ እናቶች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል።

አሁን ወዳልተሸጠልኝ ማር ልመለስ። ባለፈው ሰኔ ልጄ አምስት ወር ሳይሞላት ሳል ያዛት። አክስቴ «ማር በጣትህ ጫፍ አልሳት፣ እናንተንም እንዲሁ ነው ያሳደግን» ስላሉኝ፣ ነጩን ልገዛ ወደ ሱቋ ሄድኩ። እማማ ማንኪያውን ጣሳው ውስጥ እንዳስገቡ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ማንኪያውን አውጥተው በጨርቅ ጠረጉትና ጣሳውን ከደኑት።

«ስንት ወሯ ነው?»

«አምስተኛዋን ይዛለች።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ማር አልሸጥልህም። ዓመት ሲሞላት ና፤ አሁን ጤና ጣቢያ ውሰዳት።»

ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደ ሰሙት ነገሩኝ። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ስወስዳት ተራ ጉንፋን መሆኑ ታወቀ፤ እዚያ ያሉት ነርስም የእማማን ቃል አጸኑት። ስድስት ወር እስኪሞላት ከእናቷ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንደማያስፈልጋት፣ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላት በጣት ጫፍ እንኳ እንዳይሰጣት ነገሩን። ምክንያቱ በአፈርና በአቧራ ውስጥ የሚኖር ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው እንደ ዘር ደርቆ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ጠንካራ ቅርፊት ያለው አካል ይሠራል፤ ይህም ማር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት በሌሎች ባክቴሪያዎች የተሞላ ስለሆነ ቦታ አይሰጠውም፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ነቅቶ ይራባና ነርቭ ጡንቻን እንዳያዝ የሚከለክል መርዝ ያመነጫል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሆድ ድርቀት ነው፤ ከዚያ ጡት የመሳብ አቅም ይደክማል፣ ለቅሶ ይሰልላል፣ አንገት ይዝላል፣ ሲብስም መተንፈስ ያቅታል። በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ይህ ዓይነቱ በሽታ ተለይቶ የታወቀው በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ አክስቴም ሆኑ እናታቸው ሊያውቁት አይችሉም ነበርና አልወቅሳቸውም። በሽታው በብዛት አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን የሚያስከፍለው ከባድ ነው፣ ማሩን ቤት ውስጥ ማፍላትም ያንን ጠንካራ አካል አይገድለውም። ዓመት ያለፈው ልጅ ሌሊት ሲያስለው ግን ጥቂት ማር መስጠት ሳሉን እንደሚያበርድለት ጥናቶች ያሳያሉ፤ የእናቶቻችን ልማድ ከዕድሜው በቀር አልተሳሳተም።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ሴት፣ ልጃቸው አሳትሞ የለጠፈላቸው ወረቀት «ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ ፍቱን» ማለቱ በእጅጉ ያሳዝነኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 17 ግራሙ ስኳር ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሰውነት ይህን ከሌላው ስኳር ለይቶ አያልፈውም፤ የደም ስኳሩ ይጨምራል። አንድ አዛውንት ወረቀቱን አንብበው በቀን ሦስት ማንኪያ እንደሚወስዱ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእማማ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን በልጃቸው እንደሚያስነሡት ቃል ገቡልኝ፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ግን ወረቀቱ በዕቃዎቹ ላይ ነበር። ለዚህች ሱቅ ሙሉ ምስጋና እንዳልሰጥ የሚከለክለኝ ይህ አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ቢነሣ ያለ አንዳች ማመንታት ለሁሉም ሰው እመሰክርላታለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ሱቋ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ትዘጋለች። ነጩን የምትፈልጉ ኅዳር ሳያልቅ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያልቃል። ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እማማ መጀመሪያ ባዶውን መዝነው ክብደቱን ይቀንሱላችኋል። እኔም አንድ ባዶ ዕቃ እርሳቸው ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ጥር ላይ ልጄ ዓመት ሲሞላት ነጩን ሊሞሉልኝ ተስማምተናል።