አባይ ማዶ ላሉት አናጺ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። እንጨት ሠሪ የሚያፈላልግ ሰው በየጊዜው ስለማይ ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ሥራው የተሠራው በግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሳያልፍበት ማመስገን አልፈለግሁም።

ሳሎናችን ውስጥ በሁለት ኮለኖች (የኮንክሪት ምሰሶዎች) መካከል ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለበት ቦታ አለ፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ70፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲም። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ መጽሐፎቹ በካርቶን ታጭቀው አልጋ ሥር ነበሩ። እዚያች ቦታ ላይ መደርደሪያ እናሠራ አልን። የመጀመሪያው ሰው (ስሙ ይቅር) ቺፑድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ቆርጦ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) መትቶ፣ በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ሄደ። ያን ቀን ሲታይ ያምር ነበር። በሦስተኛው ወር መሐሉ ረገብ አለ። በስድስተኛው ጫፎቹ ቀና፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ ቁርጥ የደንገል ታንኳ መሰለ። አባቴ “ጣና ላይ ብንለቀው ደቅ ደሴት ያደርሰናል” እያለ ይስቅ ነበር። ሳቁ ያበቃው አንዱ ፊሸር ከነልስኑ ተነቅሎ መዝገበ ቃላቱ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወርድ ነው።

አባይ ማዶ ያሉትን ሽማግሌ የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። ጋሼ ቤታችን ሲገቡ ሜትራቸውን አላወጡም፤ መጀመሪያ “ምን ሊሸከም ነው?” አሉኝ። መጽሐፍ አልኳቸው። “ስንት ኪሎ?”

መጽሐፉን መዝኖ የሚያውቅ ማን አለ? አንድ ሜትር የሚሆን ረድፍ ማዳበሪያ ውስጥ አስገብተን ሰፈራችን ካለው እህል ቤት ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 28 ኪሎ። ባለሱቁ እህሉ ነቅዞ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩና “አንዱ መደርደሪያ የግማሽ ኩንታል ያህል፣ አምስቱ ሁለት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው። ልጄ፣ ይሄ መደርደሪያ አይደለም፣ ጎተራ ነው” አሉኝ።

ከዚያ የአባቴን ረጅም ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ ሁለት ብርጭቆዎች ላይ አጋድመው መሐሉን ጫን አሉት፤ ጎበጠ። በጠርዙ አቁመው ያንኑ ያህል ጫኑት፤ ንቅንቅ አላለም። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ብርጭቆዎቹን ሲያቀራርቡ ደግሞ ተጋድሞም ቢሆን የሚጎብጠው ለዓይን አይታይም። ሲቪል መሐንዲስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እኩል የተደረደረ ጭነት ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲረዝም ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል፤ የጣውላው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጋሼ ቁጥሩን አልጠሩትም፣ ግን ሥራቸው ሁሉ እሱ ነው።

መሐሉ ላይ የቆመ ጣውላ ያስፈልጋል ሲሉኝ ተከራከርኩ። ወጥ ሆኖ እንዲታይ ነበር የፈለግሁት። “እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ” አሉኝ፤ ቁጣም የለበትም። ተሸነፍኩ። አሁን ሳየው ግራው የአባቴ፣ ቀኙ የኔ ሆኗል፣ ጥሩ ሆነ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ውፍረቱ ሁለት ሳንቲም ተኩል። ጣውላውን በባጃጅ አምጥተው ሳሎኑ ጥግ ደገፉትና “ቤቱን ይልመድ” ብለው ለሁለት ሳምንት ጠፉ። እውነቱን ለመናገር በተባለው ቀንም አልመጡም፤ ለቅሶ ነበረባቸው፣ ቀጥሎ መብራት ጠፋ፣ አራት ቀን ዘገዩ። ለጥድፊያ ሥራ አይሆኑም፣ ይህን እወቁ።

ሲመጡ ግን ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ አዳመጡት። የኋላው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት፤ ኮለኖቹ ግን ድፍን ኮንክሪት ናቸው። የጎን መደገፊያዎቹን ኮለኖቹ ላይ አሰሩ። አንድ ቦታ መብሻው ብረት ሲነካ ወዲያው አቁመው ቀዳዳውን ፈቀቅ አደረጉት። በኋላ በኩል በየመደርደሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መደገፊያ በየ30 ሳንቲሙ መቱ፣ የብሎኬቱን ክፍት እየሸሹ። ፊት ለፊት ላይ ስድስት ሳንቲም የሚሆን ጣውላ በጠርዙ አቁመው በኮላ አጣበቁ። የማስመሪያው ነገር እዚህ ላይ ነው የገባኝ።

ግድግዳችን ደግሞ ጠማማ ነው፤ ታች 171፣ ላይ 169 ተኩል። እያንዳንዱን በካርቶን ልክ ወስደው ለየብቻ ቆረጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ጣውላውን መደገፊያው ላይ የያዙት ከፊት በኩል ብቻ ነው፣ ከኋላም ትንሽ ክፍተት ተዉ። ዋንዛ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ከፊትም ከኋላም ከተቸነከረ ይሰነጠቃል አሉኝ። ለጣና ቅርብ ስለሆንን የክረምቱን እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ጫማ ይሻግታል።

ትናንት የጫማ ክር ለአራት ቀጥዬ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ፊት ወጠርኩ። በክሩና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አልገባም። የአባቴ ሙከራ ሌላ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን መልሶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ደርድሯቸዋል።

ዋጋቸው ከመጀመሪያው ሰው በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። ሙያቸው ቫርኒሽ ላይ ደከም ይላል፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ትቢያም እኛው ነን የጠረግነው፤ ማጠናቀቂያውን ለሌላ ብትሰጡ ይሻላል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ሥራውን ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የምትጭኑበትን ዕቃ መዝኑ፣ መጠየቃቸው አይቀርም።